አክስቴ አረብኛ የረሳች ጊዜ

ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። አረብ አገር፣ ጂዛን በሚባለው ክፍል፣ ባይሽ ከተማ ዳር፣ የማሽላው እርሻ ከሚጀምርበት ጫፍ ላይ፣ ከሟች እናቴ ታላቅ እህት ጋር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። ቀን ቀን እኔ ሰው ቤት እሠራለሁ፣ እሷ ቤት ትውላለች። ሲመሽ በሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ነፋስ እንጠብቃለን። ነፋስ ነው የምንለው እንጂ የሚመጣው አቧራ ነው። በበጋ ሰማዩ ጭራሽ አይታይም፤ ሻይ ስትጠጪ ጥርስሽ መሃል አሸዋ ይንኮሻኮሻል።

አክስቴ እዚያ አገር የገባችው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። ሰው ቤት ተቀጥራ ሄደች፤ ከዚያ ከአል-ዒዳቢ የመጣ ገበሬ አገባች፤ ልጅ ሳትወልድ ባሏን ቀበረች። እሱ ከሞተ በኋላ ገበያ ወጥታ ፉል መሸጥ ጀመረች። ፉል ስላችሁ ለቁርስ የሚበላው ባቄላ እንዳይመስላችሁ። የጂዛን ሴቶች ፀጉራቸው ላይ የሚያስሩትን ነጭ አበባ ነው የምላችሁ። እምቡጡን ሳይፈነዳ በክር እየሰካች፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ ደርድራ ትቀመጣለች። አፏም እንደ እጇ ፈጣን ነበር። ዋጋ የሚከራከራት ወንድ ሲመጣ፣ «በነፃ ልሰጥህ እችላለሁ፤ ግን ሚስትህ ‘ማናት የሰጠችህ’ ስትልህ ምን ልትል ነው?» ትለዋለች፣ በራሳቸው ዘዬ። ገበያው ሁሉ ይስቃል፣ ሰውየውም ከፍሎ ይሄዳል። የተራራውን ሰው አነጋገር ከባሕር ጠረፉ ሰው ትለያለች። ከፋራሳን ደሴት በመርከብ የሚመጡትን ዓሣ ሻጮች ስታስመስላቸው እነሱ ራሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት አረብኛ የረሳችው።

የጀመራት በጨው ነው። ሱቅ ሄዳ የመናዊውን ባለሱቅ «ጨው ስጠኝ» አለችው። እሱ ሻይ ያለችው መስሎት የሻይ ቅጠል አቀበላት። «ጨው!» አለችው ጮክ ብላ። ሌላ ዓይነት ሻይ አወጣላት። ሦስተኛውን ሲያወጣ ባንኮኒው ላይ ወርውራለት ወጣች። ማታ ከሥራ ስገባ፣ «ያ ሰውዬ ጆሮው ተደፍኗል፣ ሐኪም ቤት ይሂድ» አለችኝ። በማግስቱ ሱቅ ስሄድ ባለሱቁ፣ «አሮጊቷ ትናንት በሐበሽኛ ስታሾፍብኝ ዋለች» አለኝ። እኔም እንደሱ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ገባሁ።

ቀልድ አልነበረም። ቃሉ አንድ በአንድ ይለቃት ጀመር። መጀመሪያ የዕቃ ስም፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ ቀጥሎ ሰላምታው ሳይቀር። አንዳንድ ቀን ይመለስላታል፤ ጎረቤቷን እንደ ድሮዋ ትቀልድባታለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ አንድም የአረብኛ ቃል ከአፏ አይወጣም። የሚገርመው አማርኛዋ ነው። እሱማ ጠራ። በልጅነቷ ወሎ ውስጥ ትናገረው የነበረው አማርኛ፣ እኔ እንኳ ሰምቼው የማላውቀው ቃል ሁሉ እየተመዘዘ ወጣ። አንድ ቀን የሞሰቡን ክዳን የጠራችበትን ቃል እስካሁን የሚያውቅልኝ ሰው አጥቻለሁ።

ይህን ሁሉ ለማንም ሳልናገር ደብቄ እኖር ነበር፤ ከዚያ የጋዙ ነገር መጣ። አንድ ጠዋት ምድጃውን ከፍታ ክብሪት ሳትጭር ረስታው ተኛች። ሽታውን ያገኙት ጎረቤታችን ሐጃዋ ናቸው። ሐጃዋ ጉልበታም የጂዛን ባልቴት ናቸው፤ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የምንዋሰነው። በር ገፍተው ገቡ፣ ጋዙን ዘጉ፣ አክስቴን በብብቷ ይዘው ወደ ደጅ ጎተቱ። ከዚያ ለባሏ የወንድም ልጅ ደወሉለት።

እሱ ማለት ከፊሏ፣ በመንግሥት ፊት ዋሷ ነው። የመኖሪያ ወረቀቷ፣ ኢቃማዋ፣ በእሱ ስም ነው የሚታደሰው። ክፉ ሰው አይደለም። በረመዳን ሩዝና ዘይት ጭኖ ይመጣል፤ ኢቃማዋን አንድም ቀን አሳልፎባት አያውቅም። የዚያን ዕለት ግን መጥቶ ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ኸላስ፣ በቃ» አለኝ። «ቀን ቀን የሚጠብቃት ካላገኘሽ አገሯ እልካታለሁ። ነገ ብትቃጠል የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«አገሯ ማን አላትና?»

«ወንድም አለኝ አላልሽኝም?»

«ወንድሜን አይታው አታውቅም እኮ!»

«ሥጋዋ ነው» አለና ተነሣ። «ወሩ እስኪያልቅ ፈልጊ።»

እኔ ደግሞ ወረቀት የሚባል ነገር የለኝም። በየመን በኩል ነው የገባሁት። አብሬያት ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፤ ሁለቱ ልጆቼ ደግሞ አማቴ ዘንድ ሆነው የሚበሉት ከእኔ እጅ ነው። ሥራ ትቼ ቤት ልዋል ብል ሁላችንም እንራባለን። ያን ሌሊት አክስቴ እንቅልፏን ስትተኛ እኔ ጣሪያ ሳይ አደርኩ።

መላውን የነገሩኝ ሐጃዋ ናቸው። «አንቺ ሐበሻ» አሉኝ፣ ሲወዱኝም ሲቆጡኝም የሚጠሩኝ እንደዚያ ነው፣ «የጀምዒያውን መኪና አላየሽም? እህቴን በየጠዋቱ የሚወስዳትን?»

አይቼዋለሁ። ነጭ ነው፤ ሲቆም ከጎኑ ደረጃ ወርዶ አሮጊቶቹን የሚያወጣ። የት እንደሚወስዳቸው ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ለካ ጀምዒያ የሚሉት የከተማው በጎ አድራጊዎች ማኅበር ለአዛውንት የቀን መዋያ ከፍቷል። ጠዋት ይወስዷቸዋል፣ ስኳራቸውን ይለኩላቸዋል፣ ጉልበታቸውን ያሹላቸዋል፣ ምሳ ያበሏቸዋል፣ ከሰዓት ከሚሰገደው የዐስር ሶላት በኋላ ቤታቸው ይመልሷቸዋል።

«እህቴ ከዚያ ስትመጣ በወሬ ጠግባ ነው የምትመጣው» አሉ ሐጃዋ። «እራት እንቢ ትለኛለች።»

አብረውኝ ሄዱ። መዋያው በር ላይ እንዳልታሰር ፈርቼ ስቆም ሐጃዋ እጄን ይዘው፣ «ያላ፣ ግቢ፣ ማንም አይበላሽ» አሉኝ። የተቀበለችን መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ናት፤ ቤት ለቤት እየሄደች ሽማግሌዎቹን የምታይ እሷ ናት። ቀን ቀን ብቻዋን እንደምትውል ስነግራት ሰማችኝ፤ አረብኛው እየጠፋባት መሆኑን ግን አላነሣሁም። የውጭ አገር ሰው ይገባል ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ «የአገራችን ሰው ሚስት ናት፣ ኢቃማ አላት፣ ለምን አትገባም?» አለች። «ግን እሷን ራሷን እጠይቃለሁ። ሰው በግድ አንወስድም።»

በደስታ እግሬ መሬት አልነካ አለ። ሴትየዋ ልትመጣ በተቀጠረችበት ቀን ግን የምሠራበት ቤት እመቤት፣ ማዳም፣ «ዛሬ እንግዳ አለብኝ፣ የትም አትሄጂ» አለችኝ። ምን አደርጋለሁ? ጠዋት የአክስቴን ፀጉር ሠርቼ፣ የታጠበ ቀሚሷን አልብሼ፣ ለሐጃዋ አደራ ብዬ ሄድኩ።

ማታ ስመለስ ሐጃዋ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው በር ላይ ቆመዋል።

«እምቢ አለች!»

«ማን?»

«ማን ትሆናለች፣ አክስትሽ ናታ! ልጅቷ በትሕትና አጠገቧ ተቀምጣ፣ ‘ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ ወደ እኛ ቤት ትመጫለሽ?’ አለቻት። ይቺ ደግሞ ፊቷን ቀና አድርጋ ‘እምቢ’ አለቻት። ልጅቷ ደግማ ‘ያ ኻላ’ አለች። ‘እምቢ!’ አለቻት ይቺ፣ አሁንም ጮክ ብላ። እኔ አፍሬ የምገባበት ጠፋኝ። አንድ ሰው ስንቴ እምቢ ይባላል? ልጅቷም ‘አላህ ይጠብቅሽ’ ብላት ሄደች። ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

እሳቸውን አልፌ ገባሁ። አክስቴ ውስጥ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን እያጠፈች ነው።

«እቴቴ፣ ዛሬ የመጣችውን ሴት ለምን እምቢ አልሻት?»

«የቷን ሴት?»

«ጥቁር የለበሰችውን። መነጽር ያላትን።»

«እሷን? ስድ አደግ!» አለች አክስቴ። «ትጠራኛለች፣ ‘አቤት’ እላታለሁ። ትጠራኛለች፣ ‘አቤት’ እላታለሁ። የምትፈልገውን አትናገርም። ዝም ብላ ስትጠራኝ ስትጠራኝ ቆይታ ተነሥታ ሄደች። የሰው ልጅ እንደዚህ ይጃጃላል?»

እኔም መጀመሪያ አልገባኝም። ለሐጃዋ ልነግራቸው ስወጣ በሩ ጋ ስደርስ ነው ድንገት የበራልኝ። በእኛ «አቤት» ማለት «አለሁ፣ ምን ልታዘዝ» ማለት ነው። አክባሪ ልጅ ሆና ያደገች ሴት ስትጠራ ሌላ ምን ትላለች? በጂዛን ሰው አነጋገር ግን ያው «አቤት» «አልፈልግም ብያለሁ» ማለት ነው። ቃሉ ሲወጣ ቁርጥ አንድ ነው። ሌላ ሐበሻ ብትሆን ቋንቋ አትችልም ብለው ያስተረጉሙላት ነበር። እሷ ግን ገበያውን በአረብኛ ስታስቅ የኖረች ሴት ናት። እሷ «አቤት» ካለች እምቢ ማለቷን ማን ይጠራጠራል?

ሐጃዋ በር ላይ ቁጭ ብዬ ስስቅ አገኙኝ። ነገሩን ስነግራቸው እሳቸውም ሳቁ፣ ጉንጫቸውን በጥፊ እየመቱ። «ወላሂ እኔም በጆሮዬ ነው የሰማሁት! ቆይ፣ እናንተ ስትጠሩ እምቢ ነው የምትባባሉት?» አሉኝ። እኔ ግን ሳቁ ሳያልቅ እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ማዳምን ሆዴን አመመኝ ብዬ መዋያው ሄድኩ። ባለመነጽሯ ሴት አላመነችኝም። «እናቴ ፉል የምትገዛው ከእሷ ነበር» አለችኝ። «ቋንቋችንን ከእኔ የተሻለ ታውቃለች።»

«ታውቅ ነበር» አልኳት። ከዚያ የደበቅኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ ጨዉን፣ ጋዙን፣ ቃሉ እየለቃት መሄዱን። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ቦታው ገና እንዳልተሰጠ፣ ሐሙስ ከሰዓት ራሷ እንደምትመጣ ነገረችኝ። «ግን የቤተሰቡ ወንድ ይኑር፤ የእሱም ፈቃድ ያስፈልገናል።»

ሐሙስ ሁላችንም ነበርን። አክስቴ አልጋዋ ላይ፣ ሐጃዋ በሩ አጠገብ፣ የባሏ የወንድም ልጅ ሙዝ በፌስታል ይዞ ግድግዳ ተደግፎ። አክስቴ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «ይሄ ረጅም ሰውዬ ሙዙን ሊሸጥልን ነው?» አለችኝ።

«ምን አለች?» አለ እሱ።

«ሰላም ብላሃለች» አልኩት።

ባለመነጽሯ ሴት አጠገቧ ተቀመጠች። «ያ ኻላ» አለቻት ለስለስ አድርጋ።

«አቤት» አለች አክስቴ።

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። አፏን በእጇ ይዛ «ሱብሓነላህ» አለች፣ ከዚያ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። አክስቴም ሰው ሲስቅ መሳቅ ስለምትወድ አብራ ሳቀች።

አስተረጎምኩ። «እቴቴ፣ ይቺ ልጅ ቀን ቀን እኛ ቤት ዋይ እያለችሽ ነው። በመኪና ይወስዱሻል፣ ማታ ይመልሱሻል።»

«ሰው አለ?»

«አለ። እንዳንቺ ያሉ ሴቶች።»

«ይጫወታሉ?»

«ሲጫወቱ ነው የሚውሉት።»

«እሄዳለሁ እንጂ! ግድግዳ ሳይ መዋል ሰልችቶኛል» አለች። ጫማዋን ፍለጋ እግሯን ከአልጋ አወረደች፤ አሁኑኑ የሚሄዱ መስሏት ነው። ሐጃዋ ጫማውን አቀረቡላት።

ባለመነጽሯ ሴት ስልኳን አውጥታ ቃል ታስተምሪኛለሽ ወይ አለችኝ። ውሃ፣ አመመኝ፣ ሽንቴ መጣ፣ በቃኝ፤ በእነሱ ፊደል ጻፈች። እዚያ ያሉት ሠራተኞች እንዲያዩት ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ አለች። «አማማኒ» ብላ ስትሞክር አክስቴ በጣቷ እየጠቆመች «አ-መ-መ-ኝ» ብላ እንደ ሕፃን አረመቻት። ሐጃዋም ከበሩ ሆነው «አማማኝ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ በልቤ አለቀ፣ ተገላገልን እያልኩ ነበር።

ያልሳቀው የባሏ የወንድም ልጅ ብቻ ነው። ፌስታሉን መሬት አስቀመጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ ሴትየዋን። «ስትጠሯት ‘አለሁ’ አለቻችሁ። እናንተ ‘እምቢ’ አለች ብላችሁ ሄዳችሁ። እንደዚያ ነው?»

«ስህተታችን ነው» አለች ሴትየዋ።

«የእናንተ ጥፋት አይደለም። እኔም እምቢ አለች ሲሉኝ አምኛለሁ፤ ግትር መሆኗን አውቃለሁ አልኩ። ነገ ደረቴን ብትል ምን ልትሉ ነው? የምትለው ቃል ግድግዳው ላይ ባይኖርስ?»

«ይቺ ልጅ አለች፣ እንደውልላታለን።»

«ይቺ ልጅ ነገ ብትያዝስ? ወረቀት የላትም እኮ። ተርሒል አስገብተው ካባረሯት በኋላ አሮጊቷን ማን ይሰማታል?»

 ሐጃዋ ወደ ደጅ አዩ።

«ዳቦ የሚሰጣት ሰው እዚህ አታጣም» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሚሰማት ሰው ግን አንቺ ብቻ ነሽ። አንድ ሰው አይበቃም። አገሯ መንገደኛው ሁሉ ይሰማታል።»

«ባሏ እዚህ ነው የተቀበረው» አልኩት። «ዕድሜዋን እዚህ ነው የጨረሰችው። እዚያ የሚያውቃት ሰው የለም፤ እንዲህ ያለ መዋያም የለም። መሄድ እፈልጋለሁ ስትል አሁን በጆሮህ ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ» አለ። «አንቺ ባታስተረጉሚው ግን ምን እንዳለች አላውቅም ነበር።»

 አረብኛ እንደጠፋባት ለማስረዳት ነበር ስሮጥ የሰነበትኩት። እምቢ አለች ብለው እንዳይተዉዋት ብዬ ያስረዳሁት ነገር፣ እሱ እንዲልካት ምክንያት ሆነ። ዝም ብል ኖሮ ቦታውን ታጣ ነበር፤ ተናገርኩ፣ አገሩን አጣች። እስከ ዛሬ ሳስበው ሌላ መንገድ አይታየኝም፤ አልታየኝም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

ባለመነጽሯ ሴት ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ደውላ ለምናዋለች። ሐጃዋ ቤቱ ድረስ ሄደው ሚስቱን አስለቅሰዋታል። ሐሳቡን አልቀየረም። ትኬቱን ገዛ፣ መድኃኒቷን ለወራት የሚበቃ ገዛ፣ አዲስ አበባ የምትሄድ የእኛ አገር ሴት ፈልጎ አብራት እንድትበር አደረገ። በደል ሠራ ብዬ ልጽፍበት ብዙ ጊዜ ብዕር አንሥቻለሁ፤ ይህን ሁሉ ማድረጉ ግን እጄን ይይዘኛል።

በጂዛን አየር ማረፊያ እኔ መግባት ስለማልችል የተሰነባበትነው እቤቷ በር ላይ ነው። ሐጃዋ የፉል አበባ ጠምጥመው ፀጉሯ ላይ አሰሩላት። መኪናው ውስጥ ስትገባ እጄን አልለቅም አለች።

«የት ነው የምንሄደው?»

«አገር ነው የምትሄጂው፣ እቴቴ።»

«የማን አገር?»

«የእኛ።»

«አንቺስ?»

«እኔ እከተልሻለሁ» አልኳት። ሹፌሩ በሩን ዘጋ።

ወንድሜ ኮምቦልቻ ባጃጅ ነው የሚነዳው። ቦሌ ድረስ ሄዶ ተቀበላት፤ ፎቶዋን በስልክ ልኬለት ስለነበር አብራት ከመጣችው ሴት ጋር አላምታታትም። ቤቱ ወሰዳት። ሚስቱ ገበያ ስለምትውል መጀመሪያ ላይ አክስቴን ባጃጁ ውስጥ ይዟት ይዞር ነበር፤ ተሳፋሪ ሲገባ «እናቴ ናት፣ ጠጋ በሉላት» ይላል። ክረምት ሲመጣ ብርዱ ጉልበቷን ያዘው። ቀበሌ ሄዶ አሮጊት የሚያውሉበት ቤት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ የለም አሉት። እድሩን ጠየቀ፤ ሲሞቱ ነው እንጂ በሕይወት ሳሉ የምንሠራው ነገር የለም አሉት። ከዚያ ከባጃጁ ባለቤት ጋር ተነጋግሮ ተራውን ቀየረ። አሁን የሚነዳው ማታ ነው። ቀን አክስታችን ጋር ይውላል።